ከቤት ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ የማን ነው?

ሰው በላቡ ያፈራውን ይበላ ዘንድ የተገባ ነው ቢባል የሚቃወም አይገኝም። ጎረቤቱ ደክሞ ያፈራውን ለራሱ ይወስድ ዘንድ ያልተገባ ነው ቢባልም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ነገሮች ተለይተው በቆሙበት ስፍራ ፍርድ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በአንድ ንብረት ላይ የባለቤቱ ድካምና የሌላው ሰው ድካም ተቀላቅሎ ሲገኝ ነው፤ ከዚህም ዐይነት ንብረት ሁሉ ታድሶ የሚሸጥ የቤተሰብ ቤትን ያህል ፈራጅን የሚያደናግር ያለ አይመስለንም።

ወደዚህ ኀሳብ የመራን ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሽምግልና የተጠራንበት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በጉለሌ በኩል አንድ አባት በ1950ዎቹ ዓመታት ያሠሩት የጭቃ ቤት ነበር። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ከአራቱ ልጆች ሦስቱ በየፊናቸው ሲሄዱ ታላቂቱ እኅት እናቷን እየጦረች በዚያው ቀረች። ምርጊቱ ሲረግፍ ግድግዳውን በብሎኬት አስለወጠች፤ የዛገውን ቆርቆሮ አስነሥታ በአዲስ አስከደነች፤ ውጭ የነበረውን መጸዳጃ ቤት ወደ ውስጥ አስገባች። ገንዘቡም ከደመወዟና ከዕቁቧ የወጣ ነበር። እናትየው ባረፉ ጊዜ ቤቱ ተሸጦ ለአራት ይካፈል ተባለ፤ ደላላው የጠራው ዋጋ ግን ሁሉንም አስደነገጣቸው፥ ጠብንም አመጣ። እኅት፦ «ይህን ዋጋ ያመጣው የኔ ብሎኬት ነው» አለች። ታናሽ ወንድም፦ «እትዬ፥ ብሎኬትሽስ አይደለም፤ ደጁን የነካው አስፋልት ነው። ይህንኑ ቤት ገጠር ብትሠሪው ማን በዚህ ዋጋ ይገዛሽ ነበር?» ሲል መለሰላት። ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና እኛ ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ዝም ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም።

ነገሩን ከቤተሰቡ ወጣ አድርገን የተመለከትነው እንደ ሆነ፥ ታናሽ ወንድም ለራሱ ድርሻ ሲል የተናገረው ቃል መንግሥት ከቤት ሻጭ ግብር ሲጠይቅ ከሚያቀርበው ምክንያት ጋር አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። አስፋልቱን ያነጠፈ፥ የውሃውን ቧንቧ የዘረጋ፥ ትምህርት ቤቱን በአጠገቡ የተከለ የቤቱ ባለቤት አይደለም። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከተማ ሲያድግ በመሬት ላይ የሚጨመረው ዋጋ የሕዝብ ሥራ ውጤት ነውና በግብር ለሕዝብ ይመለስ ብሎ ተከራክሯል። የኛም ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፥ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ሕንፃና ያደረገው ቋሚ መሻሻል ግን የራሱ እንደ ሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ በሕጉ ቃል ብንሄድ ብሎኬቱ የሠሪው፥ ቦታው የሁሉ ነው። ገበያው ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ገና ጣሪያውን ቀና ብሎ ሳያይ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተገኘው ጥቅም ላይ በወጣበት ጊዜ የጣለው ግብር 15 በመቶ ነበር፤ ለአክሲዮንና ለቦንድ ያን ጊዜ ከደነገገው 30 በመቶ ጋር ሲተያይ እጁን አላልቶ ነበር ማለት ይቻላል። ግብሩም የሚታሰበው በጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ላይ ሳይሆን፥ ንብረቱን ለማግኘትና ለማሻሻል የወጣው ወጪ ተቀንሶ በሚተርፈው ላይ ነው። የሠሪው ላብ በዚህ መንገድ ከግብር እንዲድን ታስቧልና ሐሳቡ መልካም ነው።

ዳሩ ግን ከእጅና ከከተማው ሌላ ዋጋን ከፍ የሚያደርግ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የገንዘቡ መርከስ ነው። አንድ ገበሬ በትልቅ ቁና ሰፍሮ ወደ ጎተራው ያገባውን እህል በትንሽ ቁና እየሰፈረ ቢያወጣ የቁናው ቍጥር በዝቶ ያየዋል፤ እህሉ ግን አንዲት ፍሬ አልጨመረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት በድሮው ብር ቆርቆሮ ያስመታ ሰው ወጪው በድሮው ቍጥር ተጽፎበት፥ ሽያጩ በአሁኑ ቍጥር ቢታሰብበት፥ በመካከል የሚታየው ልዩነት ትርፍ ነው ወይ? እኛ አይደለም እንላለን። ከዚህ ላይ የሚወሰድ ግብር ከትርፉ ሳይሆን ከቤቱ ግድግዳ ላይ የሚነቀል ድንጋይ ነው። ሰው ቤቱን ሸጦ በዚያው ከተማ የዚያኑ ያህል ቤት ለመግዛት ቢወጣ፥ ከፍ ያለው የርሱ ቤት ዋጋ ብቻ እንዳይደለ ወዲያው ያውቀዋል።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 286፥ ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ያገለገለን ቤት ከዚህ ግብር ነጻ አድርጎት የነበረው ይህን ዐይነቱን ነገር ተገንዝቦ ይመስለናል። ያ አዋጅ በኋለኛው ቢተካም መሠረቱ መመርመር የሚገባው ነው፤ መኖሪያ ቤት ሊተርፍበት የተገዛ ሸቀጥ አይደለምና። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካም ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ፥ ከሽያጩ በፊት ከነበሩት አምስት ዓመታት ሁለቱን በቤቱ የኖረበትን ሰው በጠቅላላው እስከ 250,000 ዶላር፥ ባልና ሚስትን እስከ 500,000 ዶላር ከሚደርስ ትርፍ ላይ ግብር አያስከፍልም። ወሰን ማበጀቱን እንወደዋለን፤ ለጎጆ የታሰበ ምሕረት አዳራሽን ጭምር መሸፈን የለበትም።

አሁን ወደ ሻጩ ሕሊና እንለፍ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሕግ ብቻ አይደለምና። እኅት ያወጣችውን ወጪ እንድታስረዳ በጠየቅናት ጊዜ የቆርቆሮውን ደረሰኝ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አገኘችው፤ የግንበኛው፥ የለሳኙና የቀን ሠራተኞቹ ዋጋ ግን አንዲት ወረቀት አልነበረውም። ማን ከለሳኝ ደረሰኝ ይቀበላል? ይህን ጊዜ ታናሽ ወንድም ቀላል ያለውን መንገድ አመለከተ፤ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ይጻፍ፥ ቀሪው በእጅ ይሰጥ አለ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው ሲልም ጨመረበት።

እኛ ይህን የተቃወምነው መንግሥትን ፈርተን አልነበረም። ዛሬ በሐሰተኛ ዋጋ ለመፈረም የተስማማ ገዢ ነገ ቤቱን የሸጠ እንደ ሆነ፥ ወጪው ሆኖ የሚታሰብለት ያው በውሉ የተጻፈው ትንሽ ቍጥር ነው፤ ስለዚህ የሻጩን ትርፍ ግብር ሳያውቀው በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ይሄዳል። እርሱም እንዳይጎዳ ሲል በተራው ሌላ ሐሰት ለመጻፍ ይገደዳል። በተጨማሪም ያቺ እኅት ድካሟን በእውነት ቍጠሩልኝ ብላ ጠርታን ሳለ፥ ጠቅላላውን ዋጋ በሐሰት ብንጽፈው የርስዋን ድርሻ በምን መለኪያ እናወጣው ነበር?

በመጨረሻው አንድ ታማኝ ግንበኛ አስመጥተን፥ ያ የእድሳት ሥራ ሁሉ በዛሬው የዕቃና የጉልበት ዋጋ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስገመትን። ይህ በቅድሚያ ለእኅት እንዲሰጣት፥ ግብር የሚከፈል ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ከቀሪው ከጋራው ላይ እንዲወጣ፥ የተረፈው ለአራቱ እኩል እንዲከፈል ወሰንን። እኅትም ተስማማች፤ ነገር ግን ከመፈረሟ በፊት፦ «እናቴን ያስታመምኩበትስ ዘመን በየትኛው በኩል ይገባል?» ብላ ጠየቀችን። ከኛ ዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፥ መልሰውም ዘጉት።

ውሉ የተጻፈው በእውነተኛው ዋጋ ነው። ታናሽ ወንድም ፊርማውን እስኪያኖር ድረስ ሲያጕረመርም ነበር።