ዝገትን ስለሚያጠፋ እጅ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ በባሶ ሊበን ባለችው በይጁቤ አዝመራ ሲደርስ ገበሬው የደነዘውን ማጭድ ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል። ቀጥቃጩም ወናፉን ነፍቶ ብረቱን ያግላል፥ ስለቱን በመዶሻ ያሳሳል፤ ከዚያም በሞረድና በድንጋይ ሲፍቅና ሲስል ይውላል። ዝገቱ ከማጭዱ ይለቃል፤ ብናኙ ግን በሠራተኛው ዓይንና ሳንባ ይገባል።

ገበሬው በዚያ ማጭድ ጤፉን አጭዶ ልጆቹን ያበላል። ማጭዱን የሳለለትን ሰው ግን «ጠይብ ነው፥ ዓይኑ ክፉ ነው» ብሎ ከማዕዱ ያርቀዋል። እንዲህ የሚል በአገራችን ብዙ ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም።

አንተ የተማርህ ሰው «ይህ የመሃይም ወሬ ነው» ትል ይሆናል። ነገር ግን ልብህን መርምር፤ የቀጥቃጩ ልጅ እኅትህን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ ምን ትመልሳለህ?

በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር፤ በጦርነትም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ ያለው አልተገኘም (1ኛ ሳሙ. 13፥19-22)። እንግዲህ ሠራተኛ የሌለው ሕዝብ የጠላቱ ጥገኛ እንደሚሆን አስተውል። ባስልኤልንም ወርቅና ብር ናስም እንዲሠራ መንፈሱን የሞላበት እግዚአብሔር ነው (ዘጸ. 31፥2-4)። ጌታችንም ራሱ ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል (ማር. 6፥3)። እጁ በሥራ የሻከረውን የሚንቅ እንግዲህ ማንን ይንቃል?

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚያጠራ ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የዛገን ብረት ቅባት ቢቀቡት ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፤ ዝገቱ ግን ከሥር መብላቱን አይተውም። ንቀትን በልቡ ይዞ መጽሐፍ የሚያነብም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ትምህርትህ ቅባት አይሁንብህ። ቀጥቃጩን ስታገኘው አክብረህ ሰላም በለው፤ የድካሙን ዋጋ ሳታጓድል ክፈለው፤ ወደ ቤትህም ጠርተህ ከእርሱ ጋር እንጀራ ቁረስ። ሰው ከናቃቸው ጋር በማዕድ የተቀመጠ ጌታ የልባችንን ዝገት ይፋቅልን። አሜን።