ባንድ ለምን ይፈርሳል?
(ስለ ወዳጅነትና ስለ ድርሻ)

አንድ ዝነኛ የሮክ ባንድ ሲፈርስ ዓለም ወዲያው ጥፋተኛ ይፈልጋል። አንዱ «ገንዘብ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሴት ገብታበት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ጥጋብ ነው፣ ዝናው አናታቸው ላይ ወጣ» ይላል። ነገሩ የሠፈር ፍቺን ይመስላል፤ ባልና ሚስቱ ገና ሳይናገሩ ጎረቤት ፈርዶ ያድራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የምፈልገው ማን አፈረሰው የሚለውን የወሬ ጥያቄ አይደለም፤ ከወሬው ሥር ያለውን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ አብረው አንድ ትልቅ ነገር የሠሩ ሰዎች ሲለያዩ በደል ተፈጽሟል ማለት ነው ወይ? በደል ካለስ፣ በደሉ ያለው በመለያየቱ ላይ ነው ወይስ ከመለያየቱ በፊት በነበረው ኑሮ ላይ?

ለምሳሌ እንዲሆነን ሁሉም የሚያውቀውን ቢትልስን እንውሰድ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ የተገናኙት ጁላይ 6 ቀን 1957 ሊቨርፑል ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በተደረገ በዓል ላይ ነው። ጆን 16፣ ፖል 15 ዓመታቸው ነበር። በተከታዩ ዓመት ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንሰው ጆርጅ ሃሪሰን መጣ፤ ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር የተቀላቀላቸው በ1962 ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ሲገናኙ ማኅበር እናቁም ብለው አልተፈራረሙም። ጊታር የያዘ ልጅ ጊታር ከያዘ ልጅ ጋር ገጠመ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ጆንና ፖል በኋላ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከሁለት አንዳቸው የጻፉት ዘፈን በሁለቱም ስም እንዲወጣ ነው። ደግ ስምምነት ነው። ግን የተስማሙት ሁለት ናቸው፤ ባንዱ ደግሞ አራት ሰው ነው።

እዚህ ላይ የሙዚቃን ንግድ አሠራር ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሸክላ ሲሸጥ ገንዘቡ በሁለት ቦይ ይፈሳል። አንደኛው ለተጫወቱት የሚሄደው ነው፤ ሁለተኛው ዘፈኑን ለደረሰው ሰው የሚሄደው ነው። የደራሲው ድርሻ ሸክላው ሲሸጥ ብቻ ሳይሆን ዘፈኑ በራዲዮ ሲሰማም፣ ሌላ ሰው ሲዘፍነውም ይመጣል። ስለዚህ በአንድ መኪና የተጓዙ፣ በአንድ መድረክ ላይ እኩል ያላባቸው አራት ልጆች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲታዩ ሁለቱ በጣም ባለጸጋ፣ ሁለቱ ደግሞ ከነሱ በታች ሆነው ይገኛሉ። ማንም ማንንም አልሰረቀም። ሕጉ ነው። ነገር ግን ያ ከበሮ ባይመታበት፣ ያቺ አጭር የጊታር ዜማ ባትጨመርበት፣ ያ ዘፈን ያንኑ ዘፈን ይሆን ነበር ወይ? በሃያ ዓመቱ ይህን የሚጠይቅ የለም። ቢያስበውም አያወጣውም፤ «ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?» ይላል። ለዚህ ስሜት እኛ ዘንድ የታወቀ ቃል አለ፤ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ ደግሞ ሂሳብን ያቆየዋል እንጂ አይሰርዘውም።

የጆርጅን ነገር እንይ። ቢትልስ በ1968 ባወጡት ድርብ አልበም ውስጥ 30 ዘፈኖች አሉ፤ የጆርጅ ድርሰቶች 4 ናቸው። በ1969 በወጣው «አቢ ሮድ» ውስጥ ያሉት 2 ብቻ ናቸው፤ እነዚያም ሁለቱ ከአልበሙ ምርጦች መካከል ይቆጠራሉ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» የተባለ ዘፈን ይዞ ወደ ልምምዱ መጣ። አብረው ሞከሩት፤ ግን በባንዱ አልበም ላይ ሳይገባ ቀረ። በጃንዋሪ 10 ቀን ጆርጅ ትቷቸው ወጣ፤ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። ባንዱ በፈረሰበት በ1970 መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ ዘፈን ስም አድርጎ ባለ ሦስት ሸክላ አልበም አወጣ። ሦስት ሸክላ! ይህ ሁሉ ሥራ እስከዚያ የት ነበር? እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ ግን ባንዱ ሲጀመር ጆርጅ ታናሽየው ነበርና እስከ መጨረሻው ታናሽየው ሆኖ ቀረ። በልጅነት የተሰጠ ወንበር ሰውየው ካደገ በኋላም አልተቀየረለትም።

የሪንጎ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያሳዝናል። በኦገስት 1968 ሪንጎ ባንዱን ጥሎ ሄዶ ነበር። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ከመሄዱ በፊት ወደ ጆን ዘንድ ሄዶ ሦስታችሁ ተዋዳችሁ እኔ ባዕድ ሆኛለሁ አለው። ጆንም የተገለልሁትማ እኔ መስሎኝ ነበር ብሎ መለሰለት። ወደ ፖል ቢሄድ ፖልም ያንኑ አለ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሲመለስ ከበሮው በአበባ ተሸፍኖ ጠበቀው። አበባው ቆንጆ ነው፤ ግን እንግዲህ አስቡት፤ ዓለም እንደ አንድ ሰው የሚያያቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው ውጭ የቆሙ መስሏቸው ይኖሩ ነበር። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ብሏል።

ይህን ዝምታ እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ የሸፈነው ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ነበር። ኤፕስታይን በኦገስት 1967 በ32 ዓመቱ ሲሞት በመካከላቸው ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፋ። በ1969 ጆን፣ ጆርጅና ሪንጎ ገንዘባቸውን የሚያስተዳድርላቸው አለን ክላይን የተባለ አሜሪካዊ እንዲሆን መረጡ። ፖል ግን የሚስቱ ወገኖች የሆኑትን ጠበቆች ፈለገ፤ አልፈርምም አለ። በሴፕቴምበር 1969 ጆን መልቀቁን ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ወሬው ግን ተደብቆ ቆየ። በኤፕሪል 10 ቀን 1970 የፖል መለየት በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ፖል ሽርክናው እንዲፈርስ ሦስቱን ጓደኞቹን ለንደን ፍርድ ቤት ከሰሰ። አብሮ አደግ ለአብሮ አደግ በጠበቃ መነጋገር ጀመረ።

ታዲያ «ሴትየዋ አፈረሰችው» የሚለው ወሬ የት ገባ? በ1969 በልምምዱ ወቅት የተነሣው ፊልም እንደገና ተዘጋጅቶ በ2021 ሲታይ፣ ዮኮ ኦኖ ከጆን አጠገብ ተቀምጣ ጋዜጣ ስታነብ ትታያለች። ፖል ራሱ እዚያው ፊልም ላይ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው የተጣሉት በሷ መቀመጥ ነው ብሎ እንደሚያወራ እያሰበ ይቀልዳል። ሰው ውስጡ ያለውን ስንጥቅ ማየት ሲከብደው ከውጭ የመጣውን እንግዳ ይከሳል።

አሁን ወደ ፍልስፍናው እንምጣ። አርስቶትል ስለ ወዳጅነት በጻፈው ውስጥ፣ ወዳጅ በሆኑ ሰዎች መካከል ፍትሕ የሚባል ነገር አያስፈልግም የሚል አሳብ አለው። ወዳጅ ለወዳጁ ከድርሻው በላይ ስለሚሰጥ ዳኛ አያሻቸውም ማለቱ ነው። አሳቡ ያምራል። በእኔ አስተያየት ግን ባንዶች የሚፈርሱት ይህን አሳብ ሳያነቡት ስለሚኖሩበት ነው። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» የሚለው ቃል የፍትሕን ቦታ ይይዛል፤ ማን ምን ሠራ፣ ለማን ምን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ እንደ ነውር ይታያል። የማይጠየቅ ጥያቄ ግን አይጠፋም፤ በሆድ ውስጥ ሲብላላ ይከርምና ኩርፊያ ሆኖ ይወጣል። ዕቁብን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ አለው፤ ስለዚህ እምብዛም የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ዓመት ሙሉ ሳይጣሉ ይጥላሉ፣ ይበላሉ። ተዋዳጆቹ ግን ደንብ ስለሌላቸው ይጣላሉ።

ሕግ ይህን ዝምታ እንዴት እንደሚተረጉመው የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። ዘ ስሚዝስ የተባለው የማንችስተር ባንድ በ1987 ፈረሰ። ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታር ተጫዋቹ ጆኒ ማር ከሸክላና ከመድረክ ገቢው ከመቶ 40፣ 40 ሲወስዱ፣ ለከበሮ መቺውና ለባስ ተጫዋቹ ከመቶ 10፣ 10 ይደርሳቸው ነበር። ከበሮ መቺው ማይክ ጆይስ ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1996 ታይቶ ፍርድ ቤቱ ከመቶ 25 ፈረደለት። ምክንያቱ በ1890 የወጣው የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ ነው፤ ሸሪኮች ስለ ድርሻ በግልጽ ካልተስማሙ ድርሻቸው እኩል እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። እንግዲህ ጉዱን እዩ፤ አንዱ ወገን በዝምታው ውስጥ «ይገባኛል» የሚለውን ሰምቷል፤ ሌላው «እኩል ነን» የሚለውን ሰምቷል። አንዱ ዝምታ ሁለት ውል ሆኖ ኖረ።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። «ከመጀመሪያው ሳንቲም የሚቆጥሩ ልጆች ሙዚቃ አይሠሩም፤ ሱቅ ይክፈቱ» ሊል ይችላል። መልሴ፣ መቁጠርና መነጋገር ይለያያሉ የሚል ነው። አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ባንድ አራቱም አባላት ዘፈኖቻቸውን በአራቱም ስም ያወጡ ነበር፤ ማን ይህን ስንኝ ጻፈ ብለው አልቆጠሩም፤ አለመቁጠሩን ግን ተነጋግረው ወሰኑ። ኩዊንም ከብዙ ዓመት የየግል ድርሰት በኋላ በ1989 ባወጡት አልበም ዘፈኖቹን ሁሉ በባንዱ ስም አደረጉ።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ «ቢትልስ እየተኳረፉም አይደል ‹አቢ ሮድ›ን የሠሩት? ጠቡ ሙዚቃውን አሳመረው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ አልክደውም። ጥሩ ሥራ ከቅሬታ ውስጥም ይወጣል። ግን የሥራው ማማር በሠሪዎቹ መካከል የነበረውን በደል በደልነቱን አያስቀረውም። ጆሯችን ስለተደሰተ ኅሊናችን ዝም ማለት የለበትም።

ደግሞስ ፍትሕ ካለ ባንድ አይፈርስም ማለቴ አይደለም። አር.ኢ.ኤም. ራሳቸው በሴፕቴምበር 2011 በቃን ብለው ተለያዩ፤ ልዩነቱ ሳይጣሉ መለያየታቸው ነው። ሌድ ዜፕሊን በ1980 ከበሮ መቺያቸው ጆን ቦናም ሲሞት ያለ እሱ አንቀጥልም ብለው አቆሙ። የሮክ ባንድ ባይሆንም የእኛው ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ወደ አገር ተመለሰ። ይህን ክህደት ብሎ የሚጠራ ካለ ይቅረብ! ዘመንም፣ ሞትም፣ ዕድሜም ይለያያል። አርስቶትልም ቢሆን በሌላ ቦታ ላይ ይህን አይቶታል። አብረው ካደጉ ሁለት ሰዎች አንዱ በአእምሮ ልጅ ሆኖ ቢቀርና ሌላው ቢያድግ፣ ወዳጅነቱ እንደ ድሮው ሊቀጥል እንደማይችል ይናገራል። ሆኖም ከባዕድ ሰው ጋር አያስተካክለውም፤ ለነበረው ወዳጅነት የሚገባ መታሰቢያ አለ ይላል።

ስለዚህ ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መለያየት በራሱ በደል አይደለም። በ16 ዓመቱ የጀመረውን እስከ 60 ዓመቱ እንዲቀጥል ማንም ሰው ዕዳ የለበትም፤ እኛ አድማጮቹም ብንሆን ሸክላውን ገዛን እንጂ ሰዎቹን አልገዛንም። በደሉ ያለው አብሮ እየኖሩ እውነቱን ባለመነጋገር ላይ ነው። ጆርጅን የበደለው የ1970 መለያየት አይደለም፤ ከዚያ በፊት እንደ ታናሽ ወንድም የታየባቸው ዓመታት ናቸው። መለያየቱማ ሦስት ሸክላ አወጣለት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አይጠፋም። በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ቡድን አለ? የድራማ ክበብ አለ፣ የግጥም ምሽት አለ፣ ይህችው መጽሔት አለች። ግጥም የጻፈው ሰው ስሙ ከግጥሙ ሥር ይወጣል። ስቴንስሉን የመታችው ልጅ ስሟ የት አለ? እጁን ቀለም አጥቁሮት ማባዣውን ሲያዞር ያመሸውስ? ገጹን ደርድሮ ሲያያይዝ ያደረውስ? «ምን ችግር አለ፣ ሁላችንም ጓደኛ ነን» እንላለን። ሊቨርፑል ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነበር የተጀመረው። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተን እንመረቃለን፤ አንዱ አዲስ አበባ ይቀራል፣ አንዱ ክፍለ አገር ይመደባል፣ አንዱ ውጭ ይሄዳል። መለያየታችን የማይቀር ነው፤ እሱን ማዳን አንችልም። ከመለያየታችን በፊት ማን ምን እንደሠራ ጮክ ብለን መናገር ግን እንችላለን፤ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ይሉኝታን ለአንድ ምሽት ወደ ጎን ማለትን ብቻ ነው።

ወዳጅነት ዳኛ አያስፈልገውም ብሎ ከአርስቶትል ጋር የሚቆም አንባቢ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር። ስቴንስሉን ማን እንደመታውም አብሮ ይጻፍ።