የመጀመሪያዋን ሳምንት አሳንሷት

ስልካችሁ ላይ አዘጋጅታችሁ የምታሳዩኝን የሰዓት ሰሌዳ አውቀዋለሁ። ሰኞ ከቁርስ በኋላ ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ሳይንስ፣ ከዚያ አማርኛ፤ ከምሳ በኋላ ሥዕልና ሙዚቃ፤ ሁሉም በየ30 ደቂቃው ተሸንሽኖ፣ በቀለም ተለይቶ፣ ዓርብ ላይ ፈተና ታክሎበት። ተማሪው ደግሞ ገና 5 ዓመቱ ነው። ልጆቼ፣ ይገባኛል። ልጃችንን ቤት እናስተምራለን ስትሉ ዘመድ አዝማዱ በጎሪጥ ያያችኋል፤ እናንተም ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ለማሳየት ሰሌዳውን ጢም አድርጋችሁ ትሞሉታላችሁ። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ሳምንት አሳንሷት እላለሁ። በቀን 1 ሰዓት ትምህርት ይበቃል። የተረፈውን ጊዜ ልጁን ለማወቅ አውሉት፤ መቼ እንደሚነቃቃ፣ መቼ እንደሚነጫነጭ፣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችል፣ ምን ሲነግሩት ዓይኑ እንደሚበራ። እናት ልጇን ታውቃለች ይባላል፤ በተማሪነቱ ግን ገና አላያችሁትም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለረጅም ዘመን አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጆቼን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ብዙው «ዝም በሉ»፣ «ደብተር አውጡ»፣ «እርሳስ የሌለው ማነው?» ሲባል ያልቃል። አንድ ልጅ አጠገባችሁ ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ከእናቱ ጋር 15 ደቂቃ ልብ ብሎ የተማረ ሕፃን፣ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ቀን ሲያንጋጥጥ ከዋለው የሚያንስበት ነገር የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ደወል ሳሎናችሁ ውስጥ አትስቀሉት።

ወደ ሰዓቱ ከመግባታችን በፊት የወረቀቱን ጉዳይ እንጨርስ። ቤት ማስተማር በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ አሠራሩ ግን ይለያያል። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ ለካውንቲው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የማሳወቂያ ቅጽ ታስገባላችሁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ታሳውቃላችሁ፤ የምታስተምሯቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝርም ታያይዛላችሁ፤ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ የወሰነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ ነው። ቴክሳስ አሳውቁ ብላ አታስገድድም፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 በወሰነው መሠረት ቤት የሚማር ልጅ የግል ትምህርት ቤት እንደሚማር ይቆጠራል። የትም ሁኑ የት ግን፣ ልጁ ቀድሞ ተመዝግቦ ከነበረ ማስወጣታችሁን በጽሑፍ ንገሯቸው፤ አለዚያ ስሙ በየቀኑ ሲጠራና ቀሪ ሲባል ከርሞ ደብዳቤው ቤታችሁ ይመጣል። ይህ ሁሉ አሜሪካ ላላችሁት ነው። ጀርመን ያለችው እህታችሁ እናንተን አይታ እንዳትነሳሳ፤ እዚያ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው። ስዊድንም ከ2011 ወዲህ የምትፈቅደው በጣም ልዩ ለሆነ ምክንያት ብቻ ነው።

የትኛው ሰኞ ይሻላል ላላችሁኝ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በኦገስት መጨረሻ ሲከፈት አብራችሁ ለመጀመር አትቸኩሉ። እኔ እንቁጣጣሽ እስኪያልፍ ብትጠብቁ እመርጣለሁ። መስከረም 1 ቀን የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ነው። ልጁ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ የሣለውን አበባ ለአያቱ ሰጥቶ፣ ዓመት መለወጡን በዓይኑ አይቶ በሚቀጥለው ሰኞ «አሁን ደግሞ ትምህርት» ሲባል ነገሩ ይገጥምለታል። ቅጹን ግን ለእንቁጣጣሽ አታቆዩት።

መግዛቱንም ቀነስ አድርጉት። የዓመቱን ካሪኩለም በካርቶን አሽገው የሚሸጡላችሁ አሉ፤ ብዙ መቶ ዶላር ከፍላችሁ ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቢሰለች ያ ካርቶን አልጋ ሥር ገብቶ ይቀራል። ለዚች ሳምንት የፊደል ገበታ፣ ወፈር ያለ እርሳስ፣ ሰፋፊ መስመር ያለው ደብተር፣ መቀስና አንድ ፎልደር ይበቃችኋል። የሥዕል መጻሕፍቱን ከላይብረሪ ተዋሱ። ካርዱ በነፃ ነው፤ ልጁ የራሱን ካርድ በራሱ እጅ ሲይዝ ደግሞ የሚሰማውን ኩራት ታዩታላችሁ።

ሰዓት ስትመርጡ የራሳችሁን እንቅልፍ አስቡበት። ብዙ ቤት አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያድራል፤ እናት በሳምንት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ብሎ መማል ራስን ማታለል ነው። ሰዓቱን ተዉና ተራውን ያዙ፤ ቁርስ፣ ከቁርስ በኋላ ፊደል፣ ከፊደል በኋላ ውጭ ሮጦ መምጣት፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ተረት። ተራው ካልተፋለሰ አንድ ቀን ማለዳ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢጀመር ልጁ አይደናገርም። ከሌሊት ሥራ የገባ ሰው ግን አያስተምር። ዓይኑ የቀላ ወላጅ የሚቆጣው በልጁ ስሕተት አይደለም፣ በድካሙ ነው፤ ልጁ ደግሞ ይህን አይለይም። አያት ካለች የዚያን ቀን እሷ ተረት ትንገረው፤ ያም ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ የምትቸገሩት እዚህ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነእርባታቸው 231 ናቸው። ይህን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ልጁን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ታስወርዱታላችሁ፤ እሱም በሳምንቱ ያንበለብለዋል፤ እናንተም ቪዲዮ ቀርጻችሁ አገር ቤት ትልካላችሁ፤ እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ጣታችሁን «ሂ» ላይ ብቻ አሳርፋችሁ «ይቺ ማን ናት?» በሉት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ሀ፣ ሁ…» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል። የያዘው ዜማውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ አቡጊዳ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚሁ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል እያንዳንዱ ፊደል ከቤተሰቡ ተነጥሎ፣ በየእርባታው ተሰባጥሮ ይመጣልና የለመደው ዜማ አያድነውም፤ በዓይኑ ለይቶ ማወቅ አለበት። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያስኬዱን ሊያስጨንቁን እየመሰለን እናዝንባቸው ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያዋ ሳምንት ገበታው ግድግዳው ላይ ይሰቀል እንጂ ከሀ አትጀምሩ። ከልጁ ስም ጀምሩ። ስሙ ናሆም ነው እንበል። ሰኞ «ና»፣ «ሆ» እና «ም»ን በሦስት ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ቀለም ይቀባቸው፣ ያሰባጥራቸው፣ ስሙን መልሶ ይሥራው። ማክሰኞ ሦስቱን ገበታው ላይ ፈልጎ ያውጣ። ረቡዕ ወደ ወጥ ቤት ውሰዱት። ከሐበሻ ሱቅ የመጣው ቡና ማሸጊያ ላይ «ቡና» ተብሎ ተጽፏል፤ «ና»ን እዚያ ያገኛታል። የምጥን ሽሮው ከረጢት ላይ «ም» ከፊት ቆማለች። «ሆ»ን ደግሞ «ሆድ» ብላችሁ ጻፉለትና የራሱ ሆድ ላይ ይለጥፋት፤ ስቆ አይጠግብም። እስከ ዓርብ ሦስት ፊደል ብቻ ያውቅ ይሆናል። ይሁን። እነዚያን ሦስቱን ግን የትም ቢያገኛቸው ያውቃቸዋል።

እንግሊዝኛውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በላይብረሪው መጽሐፍ ላይ በየቀኑ የአንድ ሁለት ፊደል ድምፅ ማሳየት፣ ከዚያ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ማንበብ። «አነጋገሬ ያበላሽበታል» ብላችሁ አትፍሩ። ከመንገዱም ከመጫወቻ ሜዳውም ይሰማዋል። አማርኛውን ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም።

ቁጥርን ወረቀት ላይ አታስጀምሩት። ሰፌድ አውጡ፣ ምስር አፍስሱበት፣ «እንልቀም» በሉት። መጀመሪያ ጠጠሩን ያወጣል። ከዚያ አሥር አሥሩን እየቆጠረ ክምር ክምር ያድርግ። ሰባተኛው ላይ ተሳስቶ ሁለቴ ሲቆጥር ዝም በሉት፤ ክምሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንደኛው ከፍ ማለቱን ሲያይ ራሱ ይጠይቃችኋል። ያኔ «እስቲ እንደገና እንቁጠረው» በሉ። ይህ አሥር አሥር እያሉ መቧደን ነው በኋላ መደመርና መቀነስ የሚቆምበት። ለቀጣዩ ቀን የገበጣ ጨዋታ አለ፤ ጠጠር አንድ አንድ እያደሉ መዞሩ ቁጥርን ከጣት ጋር ያስታርቃል። የእንቁላል ካርቶን ካላችሁ የገበጣ ሰሌዳ አያስፈልጋችሁም፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው።

ሜሪላንድ ያላችሁ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ እንድታስተምሩ ይጠበቅባችኋል። ይህን ዝርዝር አይታችሁ አትደንግጡ፤ በዓመቱ ውስጥ እንጂ በመጀመሪያዋ ሰኞ አልተባለም።

ረቡዕ ላይ ወይም ሐሙስ ላይ አመፅ አለ። ሰኞ አዲስ ነገር ስለሆነ ይጓጓል፤ ማክሰኞ እሺ ይላል፤ ከዚያ «አልፈልግም» ብሎ ሶፋ ሥር ይገባል። እዚህ ጋ ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛው «ካጠናህ ስልክ እሰጥሃለሁ» ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደል የስልክ ዋጋ ይሆናል፣ ዋጋውም በየቀኑ ይጨምራል። ሁለተኛው «የነእንትና ልጅ ይኸው ማንበብ ጀምራለች» ነው። ይህን የሐበሻ አመል እኛም በልጅነታችን ጠግበነዋል፤ ማንንም ጎበዝ አላደረገም። ትምህርቱን ጭራሽ ከመሰረዝ አሳጥሩት፤ 20 ደቂቃ የነበረው 5 ደቂቃ ይሁን፣ እሱም ሶፋው ሥር ሆኖ ይሁን፣ ካርቶኖቹን እዚያው አስገቡለት። 5 ደቂቃውን ከጨረሰ በኋላ «በቃ፣ ለዛሬ ጨርሰናል» በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ። «አንድ ጊዜ ብቻ ጨምርልኝ» የምትል እናት በማግስቱ የሚያምናት ልጅ አታገኝም። ታናሽ ካለው ለእሷም ወረቀትና እርሳስ ስጧት፤ አለዚያ ገበታውን ቀዳ ትመጣለች።

በየቀኑ ማታ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ተነሳ፣ ምን አሳቀው። ልጁ የሠራውን ወረቀት ሁሉ ጀርባው ላይ ቀን ጽፋችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡ፤ የምስሩን ክምር ፎቶ አንሱና እሱንም ጨምሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲው የልጁን ፖርትፎሊዮ በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊያይ ይችላል፤ ዲሴምበር ላይ ተሯሩጣችሁ ወረቀት ከምታሳድዱ ከመጀመሪያዋ ሰኞ ጀምሮ ቢጠራቀም ይሻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 6 ዓመት ካልሞላው ለዚያ ዓመት የውጤት ማስረጃ አይጠየቅም፤ ቢሆንም ፎልደሩን ያዙ፤ «ምን ተማረ?» ለሚሉት አማቶች ይጠቅማል።

ዓርብ ማታ ልጁ ሲተኛ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ያን ማስታወሻ አንብቡት። ቁጥሩ ከምሳ በኋላ እንቢ ካለው ወደ ጠዋት አምጡት፤ ተረቱ ላይ ሁሌ ካንቀላፋ ለመኝታ ሰዓት ተዉት። ለሁለተኛዋ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ እኔ ብሆን የምጨምረው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ሜትሮ ሴንተር ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በሕይወት ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ተሠርቶ ቆሟል። ዋናው አጽም አዲስ አበባ መሆኑን ንገሩትና ቁመቷን ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያይ። ሳይንስም ማኅበራዊ ትምህርትም በአንድ ቀን ተሸፈነ ማለት ነው፤ የሚሥለውን ሥዕል ቀን ጽፋችሁ ፎልደሩ ውስጥ ጨምሩ። ምሳ ግን ቋጥራችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለው ምግብ ውድ ነው።