ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልናወያያችሁ ያሰብነው በየዕለቱ ስለምንጠጣው ውኃ፣ ውኃውም ከቧንቧችን ከመድረሱ በፊት ስለሚያርፍበት ቦታ ነው። ርእሱን ያየ ሰው «ይህ የውኃ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው እንጂ ሰንበት ተማሪን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። እኛም ብንሆን እስከ 2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም።

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ለከተማችን የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ግድቦች በዕድሜ አንጋፋው እርሱ ነው፤ ለገዳዲ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ድሬ ደግሞ በ1999 ተከትለውታል። ሐይቁ የተሠራው ለሰው ጥም ነው። ነገር ግን ውኃ በረጋበት ቦታ እግዚአብሔር የሚመግባቸው ሌሎች ፍጥረታትም አይታጡምና ገፈርሳ የብዙ አዕዋፍ መኖሪያ ሆኗል። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲጸና ዳክዬዎች ባሕርና በረሃ አቋርጠው ይመጡበታል። ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ በንጋት እየጮኸ የሚያልፈው ረጅም መንቁር ያለው ወፍም በዳርቻው ሲለቅም ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ዝይ ነው። ይህ ዝይ በዱር የሚኖረው በአገራችን ደጋ ነው። አንገቱን በጀርባው ላይ አስተኝቶ በሣሩ መካከል ሲቆም፣ ጸሎት ላይ ያለ መነኩሴ ይመስላል።

ከአባሎቻችን 23 የምንሆን ወደዚህ ስፍራ የሄድነው ለመንፈሳዊ ጉዞ ነበር። ጸሎት አደረስን፤ ዘመርን፤ ከየቤታችን የቋጠርነውን እንጀራና ዳቦ አብረን በላን። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ዝዮቹ ሲበሩ ለማየት ድንጋይ መወርወር ጀመርን። አንዱ ሲወረውር ሌላው እርሱን ለመብለጥ ይወረውራል፤ የቀረነውም እየሳቅን እንመለከታለን። ዝዮቹ ተነሥተው ሄዱ። ለመመለስ ስንነሣም የምሳችንን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ በሣሩ ላይ ትተን ነበር፤ ነፋሱም ከፊሉን ወደ ውኃው ወሰደው።

በዚያ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሁሉን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኛ መጡ። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ስትዘምሩ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ጸበል ቦታ ብትሆኑ ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ትጥሉ ነበርን?» አሉን። ከእኛ አንዱ «አባባ፣ ይኼ እኮ ጸበል አይደለም» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «እናንተስ ክርስትና የተነሣችሁት ከየት በመጣ ውኃ ነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። የደብራችን የክርስትና ቤት ውኃ ከግቢው ቧንቧ የሚቀዳ ነው። ገፈርሳም የምዕራቡን የከተማችንን ክፍል፣ ማለት የእኛን ሰፈር ጭምር ያጠጣል። ወንዶቻችን በ40 ቀናችን፣ ሴቶቻችን በ80 ቀናችን የተጠመቅንበት፣ ካህኑ ጸልየው የባረኩት ውኃ አስቀድሞ በዚህ ሐይቅ ተኝቶ የነበረ ውኃ ነው። እኛም የከበርንበትን ምንጭ ቆሻሻ መጣያ አድርገነዋል። አፍረን ተመለስንና የቻልነውን ሁሉ ለቀምን። ጥቂት ጠርሙሶች ግን ከእጃችን ርቀው በውኃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ እነርሱን ማምጣት ሳንችል ተመለስን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በዚያን ዕለት ማታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ያለውን ታሪክ አብረን አነበብን። ጌታችን በባሕሩ አጠገብ፣ ሣር በበዛበት ስፍራ፣ ሕዝቡን አስቀምጦ አበላ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን እስከዚያች ሌሊት ልብ ብለን አላስተዋልነውም ነበር። የተረፈው ቁራሽ አንድም ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው፤ 12 መሶብም ሞላ። እንጀራን አብዝቶ ለመስጠት ኃይል ያለው ጌታ ለተረፈው ቁራሽ ከተጠነቀቀ፣ አንዲት ጠብታ ውኃ መፍጠር የማንችል እኛ እንዴት አንጠነቀቅም? ሐዋርያቱ ከዚያ ሣር የተነሡት መሶብ ተሸክመው ነው፤ እኛ ግን እጃችንን እያራገፍን ነው የተነሣነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ ጎጆዋ ውስጥ የተገኘችን ወፍ ከነጫጩቶቿ መውሰድ ተከልክሏል። ለአንዲት ወፍ ሕግ የሠራ አምላክ እኛ ድንጋይ ስንወረውር አላየንም ማለት አይቻልም። ይህ ሲባል ደስታ ተከልክሏል ማለት አይደለም። መዝሙረኛው ዳዊት ስለ ምንጮችና በዳርቻቸው ስለሚዘምሩ ወፎች እየተናገረ ፈጣሪውን አመስግኗል። ዝምታ ባለበት ተቀምጦ ዝዩን ማየት ራሱ ምስጋና ነው። ድንጋይ የወረወርነው እኛ ያየነው ጀርባውን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ርእሳችን እንመለስ። ከገፈርሳ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂ ከተማችንን አልፎ ይሄድና ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከተሠሩት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ደለል ሞላበት፤ የከተማው እድፍ ወረደበት፤ እምቦጭ ሸፈነው። ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ሥራ ጀመረ፤ ሐይቁ ግን ከብክለት አልዳነም። እንግዲህ በላይ በኩል ዝይ የሚሰማራበት ገፈርሳ አለ፤ በታች በኩል እድፍ የተጠራቀመበት አባ ሳሙኤል አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ማን ነው? በሁለቱ መካከል ያለነው እኛ ነን።

በገፈርሳ ዙሪያ በከብት ርባታና በእርሻ የሚኖሩትን ወገኖች ግን ከሳሽ ሆነን ልንነሣባቸው አይገባም። ተዳፋቱ ሲራቆት ዝናም አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርዳል፤ የግድቡም ሆድ በደለል ይጠብባል። ሣሩና ዛፉ ሲጠበቁ ግን አፈሩ በቦታው ይያዛል፤ ውኃውም እየጠራ ይገባል። ይህን የሚጠብቁልን በዚያ የሚኖሩት ናቸው፤ የምንጠጣው ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ ከወቀሳ በፊት ምስጋናና ድካማቸውን መካፈል ይቀድማል።

በዚህም መሠረት ከሠራነው ጥፋት ተምረን የሚከተለውን ተስማምተናል። አንደኛ፤ ወደማንኛውም ስፍራ ጉዞ ስንሄድ ባዶ ማዳበሪያ ይዘን እንሄዳለን፤ ሞልተንም እንመለሳለን። ሁለተኛ፤ ከደብራችን በስተ ጀርባ ባለው ወንዝ የግቢያችን ቆሻሻ እንዳይጣል ሰበካ ጉባኤውን በትሕትና እንጠይቃለን፤ እኛም በየወሩ ዳርቻውን እናጸዳለን። ሦስተኛ፤ በክረምት ከሽማግሌው ዘንድ ተመልሰን ሄደን፣ የአካባቢው ሰዎች በሚያሳዩን ተዳፋት ላይ አገር በቀል ችግኝ እንተክላለን። አራተኛ፤ ታናናሾቻችንን ወስደን ወፎቹን በዝምታ እንዲያዩ እናስተምራለን።

ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ ትጸልያለች። ዲያቆኑ ሲለምን «አቤቱ ማረን» እያልን የምንመልስ እኛ ነን። በአፋችን የለመንነውን በእጃችን እንዳናበላሽ እንጠንቀቅ። እናንተም ነገ ጠዋት ቧንቧ ከፍታችሁ ፊታችሁን ስትታጠቡ፣ ውኃው ከማን ጋር ሲኖር ቆይቶ እንደመጣ አስቡ። ልዑል እግዚአብሔር የሰጠንን አውቀን የምንጠብቅ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።