«ዓሣውን ማን አረደው?»

ውድ ወንድምና እህቶቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነውና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት እያበዛን ሰሞኑን የገጠመኝን አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ከወግዲ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ለዓመታት ሠርታ በቅርቡ ተመልሳለች። እዚያ ለሰው ስትሠራ የኖረችውን ዓሣ ለእናቷ በገዛ እጇ ሠርታ ልታበላ አሰበች። ከዓባይ በረሃ የወጣ ዓሣ አግኝታ ገዛች፤ በሽንኩርትና በበርበሬ አሳምራ አቀረበችው። እናት ቢስሚላህ ከማለታቸው በፊት «ማን አረደው?» ብለው ጠየቁ። «እማ፣ ዓሣ እኮ አይታረድም» ስትላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ያልታረደማ በክት ነው። ይህን ስትበዪ ነው የኖርሽው?» አሏት።

ያስለቀሳት የዓሣው አለመበላት አይደለም፤ ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። «ኡስታዝ፣ በክት ስበላ ነው እንዴ የኖርኩት?» አለችኝ ሳግ እየተናነቃት።

አልሐምዱሊላህ፣ መልሱ ግልጽ ነው። በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የባሕርን አደንና ምግቡን ፈቅዶልናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳይታረዱ ከሚበሉት ሁለት ነገሮች አንዱ ዓሣ መሆኑን ነግረውናል፤ ሁለተኛው አንበጣ ነው። ይህን ነገርኳትና ተረጋጋች። እናትየው ግን ስልኩን ተቀብለው «ለምን? በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይታረዳል፤ ዓሣ ምን የተለየ ነገር አለው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተቴን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው ዝግጁ መልስ ነበረኝ፦ «ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ደሙ ሁሉ አንገቱ ጋ ተጠራቅሞ ይወጣል፤ ራሱን በራሱ ያርዳል»። ዛሬም በየገጹ ሲዞር አየዋለሁ። ትክክል አይደለም። ከጭንቅላቱ ጎን ክዳኑን ስትከፍቱ የምታዩት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረው ቀይ ነገር ስንጥብ ይባላል፤ የዓሣው መተንፈሻ ነው። ቀይ የሆነው ደሙ በስስ ሽፋን ሥር እያለፈ ከውኃው ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። ዓሣው ሲሞት የሥጋው ደም ተነቅሎ ወደዚያ አይሄድም።

ሌላው ደግሞ «ዓሣ ደሙ ጥቂት ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ከየብስ እንስሳ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ልቡም እንደ በግ ባለ አራት ክፍል ሳይሆን ባለ ሁለት ክፍል ነው። ግን ይህም ሰበብ አያዛልቅም። ለምን? በዐንበር የተነሳ።

ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የሚመሩ 300 ሶሐባዎች በባሕር ዳርቻ ዘመቻ ላይ ስንቅ አለቀባቸው። በቀን አንድ አንድ ተምር እስከ መካፈል ደረሱ፤ የዛፍ ቅጠል በሉ። በዚህ መሃል ባሕሩ ኮረብታ የሚያህል የሞተ እንስሳ ወደ ዳር አወጣላቸው፤ ዐንበር ይባላል። አቡ ዑበይዳ መጀመሪያ ምን አሉ? «በክት ነው» አሉ! ልክ እንደኛዋ እናት። ከዚያ ግን ችግር ላይ መሆናቸውን አይተው ፈቀዱ። ለሳምንታት በሉት፤ ወፈሩ። አንዱን የጎን አጥንት አቁመው ትልቁን ግመል በሥሩ አሳለፉ።

ዐንበር በብዙዎች አረዳድ ዓሣ ነባሪ ነው፤ ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉት ዐንበር በአንጀቱ ውስጥ የሚፈጠርበት። ወንዱ 16 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ የርዝመቱን ሲሶ ጭንቅላቱ ይይዘዋል። ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ አካሉ ሌላ ነው። ስንጥብ የለውም፤ በሳንባ ስለሚተነፍስ ለአየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በአንድ ትንፋሽም ከአንድ ሰዓት በላይ ጠልቆ ይቆያል። የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የሱ ተነጥፎ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ደሙ ሞቃት ነው፣ ልቡ እንደ በግ ባለ አራት ክፍል፣ ልጁንም ጡት ያጠባል። ከዓሣ ይልቅ ለበግ የቀረበ ማለት ነው! ሆኖም ሳይታረድ ተበላ። የደም ማነስ ምክንያት ቢሆን ኖሮ እሱ ሐላል ባልሆነ ነበር። ሑክሙ የቆመው በፈቃጁ ላይ ነው፤ እኛ በፈጠርነው ማብራሪያ ላይ አይደለም።

በተረፈ የባሕር እንስሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ሑክም የለውም። ከዓባይ የሚወጣው አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ሪዝ አለው፤ ግን ዓሣ ነውና ይበላል። ሻርክም አጥንቱ እንደ ጆሯችን ጫፍ የሚለመጥ ቢሆንም ዓሣ ነው። ኦክቶፐስ ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም አለው፤ ሻፊዒዮቹ ሲፈቅዱት ሐነፊዮቹ «ዓሣ ስላልሆነ አይበላም» ይላሉ። ዓረብ አገር ሩብያን በምትሉት ሽሪምፕ ሐነፊዮች እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል። አዞ በሁለቱም መዝሀብ አይበላም።

ጉማሬ ላይም ዑለማዎች ተለያይተዋል። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር፣ ሙስሊም ነን እያሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲርቃቸው ኖሯል። በሑክሙ መከራከር አንድ ነገር ነው። ሰውን «በክት በላ» ብሎ ከማዕድ መግፋት ግን ያቺን ልጅ ያስለቀሳት ነገር ነው፤ እነሱ ለትውልድ ችለውታል።

ወደ እናታችን ልመለስ። የዐንበርን ታሪክ እስከ ግመሉ ድረስ በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ «እነሱስ ርቧቸው ነው» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ብልህ ሰው ናቸው። ሐዲሱ ግን እዚያ አላበቃም። መዲና ሲመለሱ ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። እሳቸውም አላህ ያወጣላችሁ ሲሳይ ነው ብለው፣ ከሥጋው የተረፈ እንዳለ ጠየቁ። ላኩላቸው፤ በሉ።

«መዲና ላይ? ሳይርባቸው?»

«አዎ እማማ፣ መዲና ላይ።»

ዝም አሉ። ሰለዋት ሲያወርዱ ተሰማኝ። በማግስቱ ልጅቱ ደውላ እንደነገረችኝ አንዲት ጉርሻ ቀምሰዋል፤ አልጣማቸውም። ይህም ነውር የለውም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያልለመዱትን ሥጋ ሐራም ሳይሉ ትተውት ኻሊድ (ረ.ዐ) አጠገባቸው በልቶታል። የቀረውን ለልጅ ልጆቻቸው ያጎረሱት ግን ራሳቸው ናቸው፤ እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ።

ጁሙዓ ሙባረክ።