«አቤት» ማለት መገኘት ነውን?

እንደሚታወቀው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የከተሞቻችን መልክ ይለወጣል። ልብስ ሰፊው በደንብ ልብስ ትእዛዝ ተጠምዶ ያመሻል፤ የደብተርና የእስክሪብቶ ዋጋ የየቤቱ መነጋገሪያ ይሆናል። ዳይሬክተሮችም በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ፊት ቆመው ሁለት ነገር ያሳስባሉ። አንደኛው «ዘንድሮ ከእናንተ ከፍተኛ ውጤት እንጠብቃለን» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «አንድም ቀን እንዳትቀሩ» የሚል ነው። ሁለቱም መልካም ምክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ። ከአንድ ልጅ ብዙ መጠበቅ ለልጁ የሚገባ ሐቅ ነው ወይስ በጫንቃው ላይ የሚጫን ሸክም?

ይህን ጥያቄ የማነሳው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በቅድሚያ የምከሰው ራሴን ነው። በወጣትነቴ ወሎ ውስጥ በአንዲት ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዱ ገበያ በሚውልበት ቀን ሁሉ ይቀር ነበር። እናቱ በርበሬና ሽንኩርት የምትነግድ ሴት ስትሆን፣ ጆንያውን ተሸክሞ መደቧ ድረስ የሚያደርስላት እርሱ ነበር። እኔ ግን ይህን አልጠየቅኩም። ስም ስጠራ ከስሙ ትይዩ «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ሲመጣ «ወላጅ አምጣ» እለዋለሁ። እናቱ ለመምጣት ገበያዋን መተው ነበረባትና አልመጣችም። እኔም በሆዴ «ይህ ልጅ የትም አይደርስም» ብዬ ፈረድኩና መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

በቀጣዩ ዓመትም ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ። ሰኔ ላይ ካርድ ሳድል ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ቀረ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ እኮ አንድም ቀን አልቀረሁም፤ አይተውልኛል?» አለኝ። የስም መጥሪያ መዝገቡን ስገልጥ እውነቱን ነበር። ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም «ቀሪ» የለም። ያንን መዝገብ በየቀኑ የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። ስሙን ስጠራ በየቀኑ «አቤት» ብሎኛል። በዚያ ዓመት ሙሉ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቄው፣ አንድ ጊዜ ደብተሩን ገልጬ አይቼለት አላውቅም። መልስ ልሰጠው ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። እርሱ በየቀኑ ተገኝቷል፤ ለእርሱ ያልተገኘሁለት እኔ ነበርኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተገነዘብኩት ቢኖር፣ መገኘት የአንድ ወገን ሥራ አለመሆኑን ነው። ሶላት የሚሰግድ ሰው አካሉ ከሶፍ ቆሞ ልቡ ገበያ ሊውል እንደሚችል ሁላችንም ከራሳችን እናውቃለን። ክፍል ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። ልጁ ተገኝቶ መምህሩ ሊቀር፣ ሁለቱም ተገኝተው ወላጁ ሊቀር ይችላል። መዝገቡ ግን የሚቆጥረው የልጁን ቀሪ ብቻ ነው።

ታዲያ ስለ መጠበቅስ ምን እንበል? እ.ኤ.አ. በ1111 ወደ አኼራ የተሻገሩት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ተስፋን ከከንቱ ምኞት የለዩት በገበሬ ምሳሌ ነው። መሬቱን አለስልሶ፣ ዘሩን ዘርቶ፣ አረሙን ነቅሎ ፍሬውን የሚጠባበቅ ሰው ተስፋ አለው ይባላል። በደረቅ መሬት ላይ ዘር በትኖ ዞር ብሎ ሳያይ አዝመራ የሚጠብቅ ግን ራሱን ያታልላል። እኔ ይህን ምሳሌ ወደ ትምህርት ቤታችን ሳመጣው የሚታየኝ፣ ብዙ ጊዜ «ከልጆቻችን ብዙ እንጠብቃለን» ስንል ምኞታችንን ተስፋ ብለን መሰየማችን ነው።

አንዳንዶች «በዚህ ችግር ውስጥ ከልጆች ብዙ መጠበቅ ጭካኔ ነው፤ ከአቅም በላይ ግዴታ የለም» ይላሉ። ከአቅም በላይ ግዴታ አለመኖሩ በዲናችን የታወቀ መርሕ ነው። ነገር ግን የልጅን አቅም ማን አስቀድሞ ለካው? አቅም በሥራ የሚገለጥ፣ በሥራም የሚያድግ ነገር ነው። በመስከረም «ይህ አይችልም» ብሎ የወሰነ ሰው ለአቅም አላዘነም፤ በማያውቀው ነገር ፈረደ እንጂ። እኔ ያን ልጅ መጨረሻው ወንበር ላይ ሳስቀምጠው ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው «ርኅራኄ» የሚያስከፍለውን ዋጋ አይተነዋል። የ2014 (እ.ኢ.አ.) የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። እነዚህ ልጆች ፈተናው ፊት እስኪቀመጡ ድረስ ዓመት በዓመት «አልፈሃል፣ አልፈሻል» ሲባሉ የኖሩ ናቸው። እውነቱን የነገራቸው የመጨረሻው ፈተና ነው። ከዚህ አኳያ ከልጅ ትንሽ መጠበቅ እዝነት ሳይሆን፣ ሒሳቡን ለነገ አሳድሮ ልጁ ብቻውን እንዲከፍል መተው ነው።

በሌላ በኩል መጽሐፍ ሳይሰጡ፣ ቁርስ ሳያበሉ ብዙ መጠበቅም ዙልም ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 (እ.ኢ.አ.) በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በሰፊው መመገብ ሲጀምር የተቀበለው ቁምነገር ይኸው ነው። የተራበ ልጅን «አትቅር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እንዳይቀር የሚያደርገውን ነገር አብሮ ማቅረብ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍርዱ ወዲህ ነው። ከልጅ የምንጠብቀው ነገር ፍትሐዊ የሚሆነው ጠባቂው ከሸክሙ ድርሻውን ሲያነሳ ብቻ ነው። ድርሻውን ያላነሳ ሰው የመጠበቅ መብት የለውም።

በመሆኑም በያዝነው የትምህርት ዘመን ወላጅ የሆንን ሁሉ ልጆቻችንን በትምህርት ሰዓት ለሱቅ፣ ለወፍጮ፣ ለሠርግ ቤት ሥራ ከማስቀረት እንቆጠብ፤ በተለይ ሴት ልጆቻችንን። ማታ ሲመለሱም «ሄድክ ወይ? ሄድሽ ወይ?» ብለን አናብቃ፤ ደብተሩን ገልጠን «ዛሬ ያልገባህ የቱ ነው?» እንበል። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ይህን ለመጠየቅ ፊደል አያስፈልገውም። መምህራን በሳምንት አንዴ እንኳ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ለመቁጠሪያ ሳይሆን ለጥያቄ ይጥሩ። የየመስጂዱ ጀማዓና የየሰፈሩ እድርም ገበያ ቀን የሚቀረውን ልጅ ከመውቀሱ በፊት የእናቱን ጆንያ ማን ሊሸከምላት እንደሚችል ይምከር።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ላገኘው ብታደል ግን በዚያች የሰኔ ቀን ያልመለስኩለትን ጥያቄ እመልስለት ነበር። አላየሁልህም፤ ጥፋቱ ግን ያንተ አልነበረም እለው ነበር። ልጆቹ ዛሬም በየክፍሉ «አቤት» እያሉ ነውና፣ አላህ ከሚሰሟቸው ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።