ሙታችንን ከሩቅ መሸኘት፦ እሳት፣ አፈርና አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጅዳ፣ በመካና በአካባቢው የምትገኙ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

የዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁት ለመጠየቅ በምትፈሩት ጉዳይ ላይ ነው። ሰው በሰው ሀገር ሲሞት ሥጋው ምን ይሁን? የሚወስነውስ ማን ነው? በሀገራችን ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ካህን ይጠራል፣ መቃብር ይቆፈራል። ሁሉም በእግር ተሄዶ በእጅ የሚሠራ ነው። ዛሬ ግን አንዱ ልጅ ጅዳ፣ ሌላው ለንደን፣ እናት ደሴ ሆነው የሟች ነገር በዋትሳፕ ግሩፕ ይወሰናል።

በአውሮፓና በአሜሪካ አስከሬን ማቃጠል በኢንተርኔት የሚታዘዝ አገልግሎት ሆኗል። ቤተሰብ ከቤቱ ሳይወጣ ቅጽ ይሞላል፣ በካርድ ይከፍላል። ሬሳው ከሆስፒታል ይወሰዳል፤ ከቀናት በኋላ አመዱ በዕቃ ሆኖ እስከ በር ይመጣል። ርካሽ በሆነው አማራጭ ጸሎት የለም፣ ለቀስተኛም የለም። በእንግሊዝ ሀገር ከአሥር ሟቾች ከሰባት የሚበልጡት ይቃጠላሉ፤ በጃፓን ሁሉም ማለት ይቻላል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ይህ ምርጫ ሲቀርብላቸው ለእናንተም ይደውላሉ፦ «ሀገር ቤት ለመላክ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ይቀላል፤ ምን ትላላችሁ?» ይሏችኋል።

እናንተ በምትኖሩበት ሀገር ሬሳ አይቃጠልም። ነገር ግን ያው ጥያቄ በወረቀት በኩል ይመጣባችኋል። አንድ ወገናችን ሲሞት ሥጋው ሀገር ይግባ ወይስ እዚያው ይቀበር የሚለውን የሚወስነው ሀገር ቤት ያለ ቤተሰብ ነው። ውክልና ተጽፎ፣ ተረጋግጦ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። አባት ልጁን ሳያይ፣ ሳይዳስስ፣ በአንድ ፊርማ ይሸኛል። ስለዚህ ለንደን ላለውም ጅዳ ላለውም ጥያቄው አንድ ነው፦ ከሩቅ ሆነን ለሟች ያለብንን ዕዳ መክፈል እንችላለን? ዕዳውስ ምንድን ነው?

ሥጋ ምንድን ነው?

አንዳንዱ «ነፍሱ ከሄደች በኋላ ሥጋው ምን ያደርጋል? ቢቃጠልስ፣ ቢቀበርስ ምን ልዩነት አለው? አፈርም ቢሆን ቀስ ብሎ ያንኑ ያደርጋል» ይላል። ይህ አነጋገር ሊናቅ አይገባም፤ በኀዘንና በገንዘብ እጦት ከተጨነቀ ሰው አፍ የሚወጣ ነውና።

እኛ ግን ሰውን ሥጋ የለበሰች ነፍስ ብቻ አድርገን አናምንም። የተጠመቀው ሥጋው ነው። ሜሮን የተቀባው ሥጋው ነው። ቅዱስ ቍርባን የተቀበለው በዚህ አፍ ነው። በቅዱስ ሚካኤል ደጅ የተንበረከከው በዚህ ጉልበት ነው። ከእናንተ አንዷ በምድር ላይ ስትደክም የሌላ ሰው ልጅ ያጠቡ እጆች፣ ሌሊት ሌሊት በብረት ምጣድ ፊት የቆሙ እግሮች፣ ወር በገባ ቁጥር ለእናት ገንዘብ የላኩ ጣቶች ሁሉ እርሷ ናቸው። በመጨረሻው ቀንም የሚነሣው ይኸው ሥጋ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 15 ሥጋን በመሬት እንደሚዘራ ዘር አድርጎ ያስተማረው ለዚህ ነው። ዘሪ ዘሩን አልጣለውም፤ ለመሬት አደራ ሰጠው እንጂ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን የምትቀብረውና ማቃጠልን የማትቀበለው በዚህ እምነት ነው። እሳት ነገሩን ይጨርሳል፤ መቃብር ግን ይጠብቃል። ሥጋን ወደ መሬት ስናወርድ «ሥራችን አለቀ» አንልም፤ «ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆይልን» እንላለን እንጂ።

መጻሕፍት ምን ያሳዩናል?

ስለ መቃብር በኦሪት ሰፊ ታሪክ የምናገኘው በስደተኛ ቤት ነው። ሣራ በሞተች ጊዜ አብርሃም በኬጢ ልጆች ሀገር መጻተኛ ነበር፤ የእግር መርገጫ ርስት አልነበረውም። የመቃብር ቦታ በነጻ ሲሰጡት እንቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር መዝኖ በመክፌላ ዋሻ ቀበራት (ዘፍጥረት 23)። ወደ ተወለደችበት ሀገር ልመልሳት አላለም። በሰው ሀገር፣ ግን በክብር ቀበራት።

ጦቢትንም አስቡት። ተማርኮ በነነዌ ሲኖር ወገኖቹ ተገድለው ሲጣሉ እየሰረቀ ይቀብራቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ሀብቱን አጥቶ ተሰደደ፤ ሲመለስም ያንኑ ሥራ ቀጠለ። ቤተ መቅደሱ ሩቅ ነው፤ እርሱ ግን ቤተ መቅደስ የለም ብሎ ወገኑን አልተወም።

በእሳት የተቃጠለ ሬሳም በመጽሐፍ አለ። ሳኦልና ልጆቹ በጦርነት ሞተው ጠላት በግንብ ላይ በሰቀላቸው ጊዜ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ገሥግሠው አወረዷቸው፤ ካቃጠሏቸውም በኋላ ዐፅማቸውን ቀብረው ሰባት ቀን ጾሙ (1ኛ ሳሙኤል 31)። ይህን ያደረጉት በጭንቅ ውስጥ ሆነው ሥጋውን ከውርደት ለማዳን ነው። ነቢዩ አሞጽ ደግሞ በምዕራፍ 2 ሞዓብን የሚወቅሰው የኤዶምን ንጉሥ ዐፅም አቃጥሎ ስላመደው ነው። በሁለቱም እሳት አለ። አንዱ ጋር ያለው ፍቅርና ግዴታ ነው፤ ሌላው ጋር ያለው ንቀት ነው። እግዚአብሔር የሚመረምረው ይህንን ነው።

አመድ የሆኑትስ?

እዚህ ላይ ልባቸው የሚደማ አሉ። ወንድሙ በሌላ ሀገር ሳይጠየቅ የተቃጠለበት አለ። እኅቱ ወደ የመን ስትሻገር ባሕር የበላት አለ። «ታዲያ የእኔ ሰው ትንሣኤ የለውም?» ብሎ የሚያለቅስ ይኖራል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ማለቃቸውን ታስታውሳላችሁ። ቤተሰብ የሚቀብረው ሥጋ አላገኘም። ከአደጋው ቦታ የተቃጠለ አፈር በኪሎ ተመዝኖ ተሰጣቸው። በሳምንቱ፣ መጋቢት 8፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17 ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥርዓት ተፈጸመ። ሣጥኖቹ ሬሳ አልነበረባቸውም። ቤተ ክርስቲያን ግን «ሥጋ የለምና ጸሎት የለም» አላለችም፤ ልጆቿን በስማቸው ጠርታ ሸኘቻቸው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጥር 18 የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ዝርወተ ዐፅም እናከብራለን። በገድሉ እንደተማርነው ዱድያኖስ ሥጋውን አቃጥሎ፣ ፈጭቶ፣ በደብረ ይድራስ ላይ በነፋስ በተነው፤ እግዚአብሔር ግን የተበተነውን ሰብስቦ አስነሣው። እንግዲህ በዓሉን ስናከብር ምን እያልን ነው? አመድ ከእግዚአብሔር እጅ አያመልጥም እያልን ነው።

ነገር ግን እናስተውል። ዐፅሙን የበተነው ዱድያኖስ ነው፤ ወዳጆቹ አይደሉም። እግዚአብሔር ከአመድ ማስነሣት መቻሉ እኛ የምንወደውን ሰው አመድ እንድናደርግ ፈቃድ አይሆነንም። በደረሰብን ነገር እንጽናና፤ በምንመርጠው ነገር እንጠንቀቅ።

«ገንዘብ የለንም» ለሚሉ

ብዙ ቤተሰብ ከፊቱ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለዋል፦ ወይ በብዙ ገንዘብ ሬሳውን ሀገር ማስገባት፣ ወይ በርካሽ ማቃጠል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አብርሃም የሄደበት ነው። ሰው በሞተበት ሀገር ይቀበር፤ ፍትሐቱ፣ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይደረግለት። ሬሳ ለማስመጣት በሬ መሸጥና የልጆችን የትምህርት ገንዘብ በዕዳ ማስያዝ የእምነት መለኪያ አይደለም። ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ አስምሎ ነበር፤ ሙሴም ተሸክሞ አወጣው። ያንን ዐፅም የተሸከመው ሙሴ ግን ራሱ በሞዓብ ምድር ተቀበረ፤ መቃብሩንም የሚያውቅ የለም። የዮሴፍ ዐፅም ሀገር ገባ፣ የሙሴ አልገባም፤ ከሙሴ የሚበልጥ ክብር ያለው ማን ነው? ጌታችንም በራሱ መቃብር አልተቀበረም፤ ዮሴፍ ዘአርማትያስ ባዘጋጀው መቃብር ነው እንጂ።

በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት ሠራተኛ ሲሞት አስከሬኑን የማዘጋጀትና ውሉ ወደተፈረመበት ወይም ሠራተኛው ወደተቀጠረበት ቦታ የመላክ ወጪ የአሠሪው መሆኑንም እወቁ፤ ቤተሰብ ፈቅዶ እዚያው ሲቀበር ግን አይላክም። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ደንብ ነውና በጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ሳትጠይቁ መዋጮ አትጀምሩ፣ ውክልናም አትፈርሙ።

በሌላ ስም ለተቀበሩ

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ሥራ ፍለጋ ስማቸውን ለውጠው፣ በሌላ ስም ፓስፖርት አውጥተው የሄዱ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ሞት ሲመጣ የሚናገረው ኢቃማው ላይ ያለው ስም ነው። በጅዳ ሙስሊም ላልሆኑ የተከለለ የቆየ መካነ መቃብር አለ፤ በወረቀቱ ሙስሊም የሆነ ግን በዚያ አይቀበርም። በመካ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ክርስቲያን ዘመዱ ወደ ከተማው መግባት ስለማይፈቀድለት በመቃብሩ ላይ ቆሞ ማልቀስ እንኳ አይችልም።

እናቶች «ልጄ በማን ጸሎት ተቀበረች? ክርስትናዋ ጠፋባት?» ብለው ይጠይቃሉ። አልጠፋባትም። ሰው ከሞተ በኋላ በሥጋው ላይ ሌሎች የሚያደርጉት ነገር በሕይወቱ የያዘውን እምነት አይሽረውም። ሥጋዋን አጥበው፣ ከፍነው፣ ወደ አፈር ያወረዱ ሰዎች ወገኗ በሌለበት ለማያውቋት እንግዳ ደግ ሥራ ሠርተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው እንበል። የእኛ ፋንታ ካህኑ ዘንድ ሄደን በክርስትና ስሟ ማስጠራት ነው። ኢቃማው ያላወቀውን ስም ያጠመቃት ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፤ እግዚአብሔርም በዚያ ስም ይጠራታል።

ምን እናድርግ?

በስልክ የሚሠራ አለ፣ በስልክ የማይሠራ አለ። ወረቀት በስልክ ያልቃል። ሽኝት ግን ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ፦

1. የክርስትና ስማችሁን ሀገር ቤት ላለ ቤተሰብና እዚያው አጠገባችሁ ላለ አንድ ታማኝ ሰው ንገሩ። አብረው እየኖሩ የጓደኛቸውን የክርስትና ስም የማያውቁ ብዙ ናቸው።

2. «ብሞት እዚህ ቅበሩኝ» ወይም «ብትችሉ ሀገር አስገቡኝ፣ ባትችሉ አትጨነቁ» የሚል ቃል ሳትፈሩ ለቤተሰብ ተናገሩ። በሌላ ሀገር ያለ ዘመድም «አታቃጥሉኝ» የሚለውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሞትን ማሰብ ሟርት አይደለም። ቤተሰብን በዕንባ መካከል ከመገመት ማዳን ነው።

3. ወገናችሁ ሲሞት መርዶን በስልክ አትርዱ፤ የሬሳ ፎቶም በቲክቶክና በፌስቡክ አትለጥፉ። እናት የልጇን ሞት ከስክሪን ላይ ማየት የለባትም። አስቀድማችሁ ለንስሓ አባቷ ወይም ለሰፈር ሽማግሌ ደውሉ፤ እነርሱ በእግራቸው ሄደው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ይንገሯት።

4. ከእናንተ መካከል ቢቻል አንድ ሰው ሆስፒታል ይሂድ። አንድ ሰው እንኳ በአካል ቆሞ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ቢደግም ያ ሟች ያለ ወገን አልተሸኘም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሩቅ ሆነን ሁሉን ማድረግ አንችልም፤ ያልቻልነውንም እግዚአብሔር አይጠይቀንም። የሚጠይቀን የቻልነውን ነው። ለሟች ያለብን ዕዳ ስሙን ማወቅ፣ ሥጋውን ማክበር፣ በጸሎት አለመርሳት ነው። ይህን ሪያል የሌለውም ይከፍለዋል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የአንድ ሰው የክርስትና ስም ጠይቁ፤ የእናንተንም ንገሩት።

በሰው ሀገር፣ በባሕርና በበረሃ ያረፉትን ወገኖቻችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። እናንተንም በሰላም ጠብቆ ለሀገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።